ክብደት መቀነሱ ሲቆም ምኑን እንለውጥ? ለጎንደር ነዋሪ የእንቅስቃሴ ምርጫዎች ንጽጽር

በየማለዳው በፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያ እየተራመደ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ያጠበቀ ሰው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ሲለው ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ሰውነትህ ለምዶታል፣ ስፖርቱን ቀይረው።» ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። የሚጎድለው ምን በምን እንደሚቀየር ነው። አንዱ ገመድ ዝለል ይላል፣ ሌላው ጂም ግባ፣ ሌላው ደግሞ እስከ አዘዞ ሩጥ። እያንዳንዱ የሚጠይቀው ጊዜ፣ ገንዘብና የጉልበት ጤንነት ይለያያል፤ የሚሰጠውም እንዲሁ።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። እንቅስቃሴ መቀያየር በራሱ ስብ አያቃጥልም፤ የሚያቃጥለው ሥራው ሲከብድ ነው። ስለዚህ «አዲስ ምን ልሞክር?» ከሚለው ይልቅ «ከምሠራው ውስጥ ምኑን ላክብደው?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያዋጣል። ለዚህ ደግሞ ጎንደር ውስጥ በነፃ የሚገኝ መሣሪያ አለ፤ ዳገት።

መጀመሪያ፣ በእርግጥ ቆሟል ወይ?

የአንድ ሳምንት ቁጥር ምንም አይናገርም። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚያስቀምጠው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ አንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚከማቸው። ሰው ምግቡን ቀንሶ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቀድሞ የሚወጣው ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት ኪሎ ቀነስኩ የሚል ሰው ከዚያ ውስጥ ከፊሉ ውኃ እንደነበር አያውቅም፤ በኋላ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብቻ ሲቀንስ «ቆመብኝ» ይላል። አልቆመም፤ አሁን ገና የሚወጣው ስብ ሆነ እንጂ። በሌላ በኩል ከፋሲካ ማግስት ሚዛን ላይ መውጣት ራስን ማስደንገጥ ነው። ጨው የበዛበት ወጥ፣ ዳቦውና ጠላው ተደምረው ለጥቂት ቀናት ውኃ ያስይዛሉ። ብዙ ሴቶችም የወር አበባ ሊመጣ ሲል ተመሳሳይ ነገር ያያሉ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ሚዛን ላይ ብቻ መመዘን ይበቃል። ቤት ውስጥ ሚዛን የሌለው ሰው መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚጠብቁትን ልጆች መጠቀም ይችላል፤ ግን ሁልጊዜ አንዱን ልጅ ይያዝ፣ በተመሳሳይ ልብስም ይሂድ። የአንዱ ሚዛን ከሌላው ቢለያይ የሚገርም አይደለም፣ ጃኬትና ወፍራም ጫማም ቀላል አይደሉም። ከሚዛኑ ይልቅ እኔ የማምነው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። በእምብርት ትይዩ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳይስቡ ወገብን መለካት። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ስጋት መጨመር ይጀምራል የሚለው ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ነው። ኪሎው ቆሞ ወገቡ እየጠበበ ከሆነ ምንም መለወጥ አያስፈልግም። ሁለቱም ለአራት ሳምንታት ያህል ካልተነቃነቁ ግን በእርግጥ ቆሟል፤ ወደ ምርጫው እንግባ።

የቆመበት ምክንያት ምርጫውን ይወስናል

ከ80 ኪሎ ወደ 70 የወረደ ሰው እንውሰድ። በደልዳላ መንገድ ለግማሽ ሰዓት ቶሎ ቶሎ ሲራመድ በፊት 140 ካሎሪ ገደማ ያወጣ ነበር፤ አሁን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ወደ 120 ያወጣል። የሚሸከመው ቀንሷልና። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው በቀሪዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው፤ አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰውነት ተኝቶ እንኳ በቀን 100 ካሎሪ ያህል ያነሰ ይፈልጋል፣ ከዕለት ተዕለት እንቅስቃሴው ጋር ሲደመር 150 አካባቢ ይደርሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ማለትም ያ «ሚስጥራዊ» መቆም ብዙ ጊዜ ወጥ ውስጥ ከምትገባ አንዲት ማንኪያ ዘይት ብዙም አይበልጥም።

ሰውነትም ራሱን መቆጠብ ያውቃል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2016 ባወጡት ጥናት፣ በአንድ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረምሩ፣ በዕረፍት ላይ ሰውነታቸው የሚያወጣው ኃይል ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አንሶ አግኝተውታል። እነዚያ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ የቀነሱ ስለሆኑ በዝግታ የሚቀንስ ሰው ያን ያህል መስጋት የለበትም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ሌላው ጥናት ለእኛ ቅርብ ነው። ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ በ2012 ታንዛኒያ ውስጥ በአደንና በለቀማ የሚኖሩትን ሃድዛዎች ለክተው፣ ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀሱ የሚውሉት እነዚህ ሰዎች የሰውነት መጠናቸው ግምት ውስጥ ሲገባ በቀን የሚያወጡት ጠቅላላ ኃይል ከምዕራባውያን ብዙ እንዳልተለየ አሳይተዋል። ሰውነት እዚህ ያወጣውን እዚያ ይቆጥባል። የቢሮ ሠራተኛ ይህን ያውቀዋል፤ ጠዋት የሮጠ ዕለት ከፒያሳ ቤቱ ድረስ ባጃጅ ይዞ ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላም ከወንበሩ አይነሳም።

እንግዲህ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ሥራው ቀልሏል፤ ወይም ከስፖርቱ ውጭ ያለው እንቅስቃሴ ቀንሷል፤ ወይም ማዕዱ ሳይታወቅ ሰፍቷል። ከታች ያሉት ምርጫዎች በደንብ የሚፈውሱት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ባጃጁን በመተው ይስተካከላል። ሦስተኛው ከሆነ ደግሞ የትኛውም ስፖርት አያድነውም፤ በግማሽ ሰዓት እርምጃ ያወጡትን ካሎሪ አንዲት ማንኪያ ዘይት ትመልሰዋለች።

ምርጫ አንድ፦ ያንኑ እርምጃ ማርዘም

የፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው። ሦስት ዙር የሚራመድ ሰው አምስት ዙር ቢያደርገው መንገዱን በቀላሉ አራዘመ። አዲስ ነገር መማር የለም፣ ጉዳት የመድረሱ ዕድል ዝቅተኛ ነው፣ በዕድሜ ለገፉ ሰዎችም ይስማማል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2009 ባወጣው አቋም፣ ከ150 እስከ 250 ደቂቃ የሚደርስ ሳምንታዊ እንቅስቃሴ ክብደት እንዳይጨምር ይረዳል፣ ጉልህ ለውጥ ለማየት ግን ከ250 ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል ይላል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት የሚራመድ ሰው 150 ላይ ነው ያለው። ወደ 250 ለመድረስ በእያንዳንዱ ቀን ሃያ ደቂቃ መጨመር አለበት።

ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ከየት ይምጣ? ለጡረተኛ ችግር የለም። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ለሚገባ ሰው ግን ይህ ምርጫ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም። ጊዜ ያለው ይውሰደው፤ የሌለው ወደ ቀጣዩ ይለፍ።

ምርጫ ሁለት፦ ዳገት

ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በዝግታ የሚራመድ ሰው፣ መንገዱ በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ ከደልዳላው እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ያወጣል። 70 ኪሎ የሚመዝነው ሰውዬ በዚህ ፍጥነት በደልዳላ ላይ በግማሽ ሰዓት 100 ካሎሪ የሚያወጣ ከሆነ ዳገቱ ላይ 220 ይደርሳል። ፍጥነት አልጨመረም፣ ጊዜ አልጨመረም፣ አልሮጠም። እግሩ መሬቱን የሚመታበት ኃይልም ከሩጫ ጋር ሲተያይ በጣም ያነሰ ነው፤ ከባድ ሰው ሽቅብ ሲራመድ ልቡ እንደ ሯጭ ይሠራል፣ ጉልበቱ ግን እንደ ሯጭ አይቀጠቀጥም።

ከተማዋ ለዚህ የተሠራች ትመስላለች። ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል ኮረብታ የሚወስደው መንገድ አለ፤ ጠመዝማዛ ነው፣ ላይ ሲደርሱ ከተማዋ ከነግንቦቿ ከሥር ተዘርግታ ትታያለች። ሌላው የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕርን አልፎ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሚወጣው ነው። እቴጌ ምንትዋብ ለግቢያቸው የመረጡት ቦታ ከፍታ ያለው ነውና፣ ጠዋት ለኪዳን የሚወጡ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ሲወጡት ላየ ሰው የትኛው ስፖርት እንደሚያዋጣ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለ ልብስ ከተነሳ፣ ይህ ምርጫ ለሴቶች አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ በሩጫ ቱታ አስፋልት ላይ መውጣት የማይመቻት ሴት በተለመደው ቀሚሷና በጥሩ ጫማ ዳገት ብትወጣ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

ትልቁ ጥያቄ መውረዱ ነው። አብዛኛው ሰው ሽቅቡን በባጃጅ፣ ቁልቁሉን በእግር ይሄዳል። ለክብደት መቀነስ ትክክለኛው ተቃራኒው ነው። ቁልቁለት የሚያወጣው ኃይል ከሽቅቡ በጣም ያነሰ ሲሆን፣ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ሲያግድ ስለሚውል በማግስቱ የሚያሳምመውም፣ ጉልበትን የሚያደክመውም እሱ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሽቅብ በእግሩ ወጥቶ፣ ቁልቁል በባጃጅ ይውረድ። ሰው ይስቅበታል፤ ይሳቅ። ጉልበቱ ደህና የሆነም ቢሆን ሲወርድ እርምጃውን አሳጥሮ፣ ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጎ ቀስ ብሎ ይውረድ።

አጀማመሩ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። በሳምንት አምስት ቀን የሚራመድ ሰው መጀመሪያ ሁለቱን ቀን ብቻ ወደ ዳገት ይቀይር፣ የቀሩትን እንደነበሩ ይተዋቸው። ልኩ በንግግር ይታወቃል። እየወጡ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ መካከለኛ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ መተንፈስ ካስፈለገ ከባድ ነው። ጀማሪ መካከለኛው ላይ ይቆይ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነች፤ ለነዋሪው ምንም አይደለም፣ ከመተማ ወይም ከሑመራ ቆላ ሰንብቶ የተመለሰ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ፣ ልኩን ዝቅ አድርጎ ይጀምር።

ምርጫ ሦስት፦ ፍጥነት ማቀያየር

አሥር ደቂቃ ማሟሟቅ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ሁለት ደቂቃ በዝግታ፣ ይህን ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ መደጋገም። በወጣቶች ዘንድ ዝናው ብዙ ነው፤ «ከስፖርቱ በኋላም ቀኑን ሙሉ ስብ ያቃጥላል» ይባልለታል። ከከባድ ሥራ በኋላ ሰውነት ለተወሰነ ሰዓት ተጨማሪ ኦክስጅን መጠቀሙ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም። ጥናቶች ሲሰበሰቡ የሚያሳዩት፣ ፍጥነት ማቀያየርና ረዘም ያለ መካከለኛ እንቅስቃሴ በሚቀንሱት ስብ መጠን ተቀራራቢ መሆናቸውን ነው። የዚህ ብልጫ ጊዜ መቆጠቡ ነው። ጊዜ ለሌለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋውም አለው። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ፣ ይልቁንም በተከታታይ ቀናት ቢሠሩት ጅማትና ቁርጭምጭሚት ሊጎዳ ይችላል። ከባድ ክብደት ላለው፣ የደም ግፊቱ ላልተስተካከለ ሰው አይመከርም። ቦታውም ወሳኝ ነው፤ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ላይ በፍጥነት መሮጥ ቁርጭምጭሚትን መጋበዝ ነው። አስፋልት ወይም የደለደለ የኳስ ሜዳ ይሻላል። ጎህ ሳይቀድ መውጣትም አያስፈልግም፤ ሰው መንገድ ላይ ሲበዛ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ከጓደኛ ጋር መውጣት ይሻላል። ዳገትን ከፍጥነት ጋር ማዋሐድም ይቻላል፤ አጭር ዳገት በፍጥነት መውጣት፣ ቀስ ብሎ መውረድ። መሮጥ ሳያስፈልግ ልብን ያሠራል፣ ስለዚህ ከሁለቱ የቱ ቢባል እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ሶምሶማ በተለይ ለሚወድ ሰው፦ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር መሮጥ ለዚያው 70 ኪሎ ሰው በግማሽ ሰዓት 290 ካሎሪ ገደማ ነው። ከዳገት እርምጃ ይበልጣል። ብልጫው ግን የሚገኘው ግማሽ ሰዓት ሳይቆም መሮጥ ለሚችል ሰው ብቻ ነው።

ምርጫ አራት፦ ጡንቻ ማሠራት

በካሎሪ ሂሳብ ብቻ ከታየ ይህ ደካማው ምርጫ ነው። ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ እየተሠራ፣ መሃል ላይ እየታረፈ የሚያልፍ ግማሽ ሰዓት ከእርምጃ ብዙም አይበልጥም። «ጡንቻ ስትገነባ ተኝተህም ስብ ታቃጥላለህ» የሚባለውም ተጋኗል። አንድ ኪሎ ጡንቻ በዕረፍት ላይ በቀን 13 ካሎሪ ገደማ ነው የሚያወጣው፤ ያቺ የዘይት ማንኪያ የአንድ ኪሎ ጡንቻን የዘጠኝ ቀን ድካም ትበላለች።

ታዲያ ለምን ከዳገት ቀጥሎ ሁለተኛ ላይ አስቀምጠዋለሁ? ሰው ክብደት ሲቀንስ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም አብሮ ይቀንሳል። ጡንቻውን ጥሎ አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው ዕቃ ማንሳት ያቅተዋል፣ ክብደቱ ሲመለስ ደግሞ ስብ ሆኖ ይመለሳል። ጡንቻን የሚያቆየው ጭነት ነው፤ እርምጃ ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ከሚለው ጎን፣ ዋና ዋና ጡንቻዎችን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ማሠራትን ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አገር የሚራመደው ሰው በዝቷል፤ ሁለተኛዋን ግማሽ ግን ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲሠራት ብዙ አይታይም።

ጂም ወይስ ቤት? ጂም ክብደቱን በትክክል ደረጃ በደረጃ ለመጨመር ያመቻል፣ አሠልጣኝም ካለ ወገብን ከጉዳት ይጠብቃል። ወርሃዊ ክፍያ ከፍሎ በሳምንት አንድ ቀን ለሚሄድ ሰው ግን ቤቱ ይሻለዋል። ለቤት የሚበቃው ይህን ያህል ነው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መነሳት፣ ሲቀል ያለ ወንበር ቁጭ ብድግ፣ ሲቀል ደግሞ አምስት ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ደረት ላይ አቅፎ ቁጭ ብድግ። ፑሽ አፕ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ተደግፎ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ፣ ከዚያ መሬት ላይ። ጀሪካን በሁለት እጅ ይዞ መራመድ። ሆድን ለማጠንከር በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት። እያንዳንዱን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ካልከበዱ ጭነቱ አንሷል ማለት ነው፤ ውኃ ይጨመር። ሆዱን ብቻ አብዝቶ የሚያሠራ ሰው ቦርጩ ብቻ እንደማይሄድ ይወቅ፤ ስብ ከየትኛው የሰውነት ክፍል ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስነው ሰውነት ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ያማል። የስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ሰው በማግስቱ ቅዳሜ ደረጃ ሲወርድ ጭኑ እንዴት እንደሚሆን ያውቃል፤ ያው ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። እግረ መንገዴን፣ ስግደት ለጸሎት እንጂ ለስፖርት የሚደረግ አይደለም፤ ጉልበት ግን ልዩነቱን አያውቅም። በሕማማት ብዙ የሚሰግድ ሰው በዚያ ሳምንት ቁጭ ብድግ መጨመር የለበትም። ሚዛኑ በጀማሪ ሳምንታት አንድ ኪሎ ቢጨምርም አይደናገጥ፤ የሚጠገን ጡንቻ ውኃ ይይዛል። እዚህ ላይ ሜትሩ ከሚዛኑ የበለጠ እውነት ይናገራል።

ምርጫ አምስት፦ ዓይነቱን ጭራሽ መቀየር

ገመድ መዝለል፣ እስክስታ፣ ኳስ፣ ብስክሌት። ብዙ ሰው «መቀየር» ሲባል የሚያስበው ይህን ነው፤ ለእኔ ግን የመጨረሻው ምርጫ ነው። ሰውነትን በማደናገር ስብ ይቃጠላል የሚለው አባባል ጠንካራ ማስረጃ የለውም። የዚህ ምርጫ እውነተኛ ጥቅም መሰልቸትን መግደሉ ነው፤ የሰለቸ ሰው ያቆማል፣ ያቆመ ሰው ደግሞ ምንም አያወጣም። መሰልቸት ከሆነ ችግርህ ይህ ምርጫ ከሁሉም ይቀድማል።

ገመድ ዋጋው ትንሽ፣ ጭነቱ ትልቅ ነው፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ መዝለል የቻለ ሰው የግማሽ ሰዓት እርምጃ ያህል አውጥቷል። ነገር ግን አሥር ደቂቃ ሙሉ የሚዘልል ስንቱ ነው? ከባድ ሰው ሁለት ደቂቃ ዘሎ ባቱን ይዞ ይቀመጣል። ክብደቱ ከቀነሰ በኋላ ይሞክረው። ኳስ ቅዳሜና እሑድ ደስ ይላል፤ ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የዋለ የአርባ ዓመት ሰው በፋሲል ከነማ ማልያ ሜዳ ገብቶ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ሲሮጥ ግን ጅማቱ የሚበጠሰው ያኔ ነው። ብስክሌት ጉልበት ለሚያማቸው በጣም ጥሩ ነበር፤ ዳገቱ፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው አንድ ላይ ሲታሰቡ ከአዘዞ መንገድ ውጭ በነፃነት የሚነዳበት ቦታ ጥቂት ነው።

እስክስታ የተናቀ ምርጫ ነው። ለሠርግ ብቻ የሚፈለግ ሆነ እንጂ፣ ትከሻን፣ ደረትን፣ ወገብን ያለማቋረጥ የሚያሠራ፣ ቤት ውስጥ ያለ ቦታና ያለ ገንዘብ የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። ግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ የጨፈረ 70 ኪሎ ሰው 150 ካሎሪ አካባቢ ያወጣል፤ ከደልዳላ እርምጃ ይበልጣል። ክረምት ላይ ዋጋው ይታያል።

ክረምትና ጾም

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ጎንደር ላይ ማለዳ መውጣት በዝናብና በጭቃ ላይ የተመሠረተ ነው። ዳገቱ ያዳልጣል፣ ጎርፍ የወረደበት ኮረት ቁርጭምጭሚት ያዞራል። ብዙ ሰው በእነዚህ ወራት ጭራሽ አቁሞ በመስቀል ሰሞን ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ ይልቅ ለክረምት ሌላ ድርሻ ማዘጋጀት ያዋጣል፦ ጡንቻ ማሠራቱን ከሁለት ወደ ሦስት ቀን ከፍ ማድረግ፣ በቀሩት ቀናት የሕንፃ ደረጃ መውጣት ወይም እስክስታ። ባለ አራትና አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ ሰው ቢሮ ሲገባ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ቢወጣ ዳገቱ ውስጥ ገባለት ማለት ነው።

ጾምን በተመለከተ፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ከባዱን ሥራ ጠዋት ባዶ ሆዱን ከሚያደርገው ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢያደርገው ይበረታል፤ ጠዋት ቀለል ያለ እርምጃ ይበቃዋል። የጾም ምግብ ቀላል ነው የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያሳስታል። ቅቤው ቢቀርም ዘይቱ አለ፤ ከቡና ጋር የሚቀርበው ዳቦና ቆሎም አለ። ጡንቻ የሚያሠራ ሰው በጾም ወራት ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከባቄላና ከሽምብራ ጠቀም አድርጎ ይብላ፤ እንጀራውን ቀነስ፣ ወጡን ጨመር፣ ዘይቱን በማንኪያ ለክቶ።

ማን የትኛውን ይያዝ?

ጊዜ ኖሮት ጉልበቱ የሚያመው ሰው፦ ምርጫ አንድ፣ ከዚያ ሽቅብ በእግር ቁልቁል በባጃጅ። ጊዜ የሌለው ጤነኛ ወጣት፦ ምርጫ ሦስት ሁለት ቀን፣ ምርጫ አራት ሁለት ቀን። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ፣ እርምጃ ብቻ ሲሠራ የቆየ ሰው፦ ሁለት ቀን ዳገት፣ ሁለት ቀን ጡንቻ፣ አንድ ቀን የለመደውን። በምን ቀን ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ እንኳ የሚያዛጋ ሰው፦ ምርጫ አምስት፣ የቱንም፣ ብቻ ደስ የሚለውን። ወልዳ ወራት ያለፏት እናት፦ ከሐኪም ወይም ከአዋላጅ ነርስ ፈቃድ በኋላ እርምጃ፣ ከዚያ ቁጭ ብድግ በወንበር፤ ዝላይና ሩጫ ይቆዩ።

የትኛውም ቢመረጥ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፣ ለአራት ሳምንታትም ይቆይ። ዳገቱን፣ ጂሙንና የምግብ ቅነሳውን በአንድ ሰኞ የጀመረ ሰው የቱ እንደሠራለት አያውቅም፤ ሲደክመው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ይተዋል። በየሳምንቱ የሚጨመረው ጊዜ ወይም ጭነት ከአሥር በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ከሰባቱ ቀን አንዱ የዕረፍት ይሁን። ከአራት ሳምንት በኋላ ሜትሩም ሚዛኑም ያው ከሆኑ ቀጣዩ ስፖርት አይፈለግ፤ የዘይቱ ጠርሙስ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይታይ። ያም ተስተካክሎ ካልተለወጠ፣ ይልቁንም ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን በጤና ተቋም ቢታይ ጥሩ ነው።

የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ግን ከላይ ካሉት የትኛውንም ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ሥራው ሲከብድ የደም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላልና መድኃኒቱ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ዳገት ሲወጣም ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይኑረው። ደረቱን ጨምድዶ የሚይዘው፣ ወደ ግራ እጁ ወይም ወደ መንጋጋው የሚዘልቅ ሕመም የተሰማው ሰው ደግሞ እዚያው ይቁም፤ ወደ ቤቱ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።